ከለቅሶ ቤት የማይቀሩት እትዬ ሸምሲያ

የእትዬ ሸምሲያን ሞት የሰማሁት የሱሪ ዚፕ እየቀየርኩ ነው። ለነገሩ ሌላ ሰው እስኪነግረኝ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ የእሳቸውን ቤትና የእኔን ልብስ መስፊያ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሳላቸው አልተሰማኝም። እኔ ሞኟ ተሽሏቸው እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ማሽኔን ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ዘምዘም በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ነጠላዬን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችኝ፤ ያኔ ገባኝ።

አለቀስኩ። በከተማችን በመሐል ሜዳ ያን ቀን ለእሳቸው ያላለቀሰች ሴት ካለች አላውቃትም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ እያለቀስኩም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የማስበው ስለ ሦስተኛው ቀን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በከተማችንና በዙሪያዋ ባሉ የሙስሊም ሰፈሮች አንድ የቆየ ልማድ አለ። አባት ወይም እናት ሲሞት በሦስተኛው ቀን፣ የለቅሶው ድንኳን ሊነሳ ሲል፣ ወንድ ልጅ ሽማግሌ አስከትሎ ሴቶቹ ወደ ተቀመጡበት ክፍል ይመጣል። እህቱ ፊት ይንበረከካል። «እህቴ፣ የአባታችንን ነገር ተይልኝ» ይላታል። እሷም «ትቻለሁ» ትላለች። ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል፣ ሰው ሁሉ አሚን ይላል፣ በቃ አለቀ። መሬቱም፣ ቤቱም፣ ከብቱም የወንድም ሆነ ማለት ነው። እምቢ ያለች እንደሆነ ለአባቷ የሚደረገውን ዱዓ የከለከለች፣ የሟች ነፍስ ላይ የቆመች ትባላለች። ስለዚህ እምቢ የሚል የለም። ሃይማኖቱ ያዘዘው ነገር አይደለም፤ ሃይማኖቱማ ለሴት ልጅ ድርሻዋን ለይቶ ሰጥቷታል። ይህንን እኔ ክርስቲያኗ ያወቅኩት ከእትዬ ሸምሲያ ነው። እኛ ክርስቲያኖቹም ብንሆን የራሳችን ማባበያ አናጣም።

እትዬ ሸምሲያ ጉልምስናቸውን ሁሉ የጨረሱት ያቺ አንድ ቃል ከሴት ልጆች አፍ እንዳትወጣ ሲጠብቁ ነው። አሁን ድንኳኑ የሚተከለው ለራሳቸው ነው። «ተይልኝ» የምትባለው ዘምዘም ናት። የሚንበረከከው ደግሞ ኑሩ ነው፣ የገዛ ልጃቸው።

መልካቸውን ልንገራችሁ። ቀጭን፣ ጠይም፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እትዬ ሸምሲያ የበግ ጠጉር ከገጠር ሴቶች እየገዙ፣ እየፈተሉና እያስፈተሉ ለሌሎች ሸማኔዎች መሸጥ ያዙ። እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ሲያወሩ ይፈትላሉ፣ ሲቆጡ ይፈትላሉ፤ እንዝርቱ ቆሞ ካያችሁ ግን ነገሩ ከባድ ነው፣ ቦታ መቀየር ይሻላል። እኔን «አስካል» ይሉኛል፣ ሙሉ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። የሰፋሁትን ሁሉ ገልብጠው ስፌቱን ከውስጥ በኩል ያዩታል። «ከላይማ ሁሉም ያምራል» ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ እኔም ለምጄው ገልብጬ ማቀበል ጀመርኩ።

ሥራቸውን በዓይኔ ያየሁት የፈጡማ አባት የሞቱ ጊዜ ነው። ፈጡማ ከባሏ ተፋትታ ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት የገባች፣ ወደ ቀየት በሚወስደው መንገድ ካለ ሰፈር ጠጉር ፈትላ የምታመጣላቸው ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ለመድረስ አብረን ሄድን። እትዬ ሸምሲያ ገብተው አለቀሱ፣ «አላህ ሰብር ይስጣችሁ» አሉና ሄደው ፈጡማ አጠገብ ቁጭ አሉ። ከዚያ መነሳት የለም። ንፍሮ ሲዞር አይነሱም፣ ሌላ ለቀስተኛ ሲመጣ ቦታ አይለቁም።

«እትዬ፣ አይመሽብንም ወይ?» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ለቅሶ ቤት ደግሞ ምን ሥራ አለ ብዬ እኔም ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ የፈጡማ ታላቅ ወንድም ሰይድ ገባ። ከኋላው ሼህ ይማም አሉ፤ በዙሪያችን ያለ ሰፈር ሁሉ ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስባሃቸውን፣ ከጣታቸው የማያወጡ ሰው ናቸው። ሰይድ ተንበረከከ። «እህቴ፣ የአባታችንን ነገር ተይልኝ» አለ። ፈጡማ ዓይኗ አብጧል፣ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልቀመሰችም። አፏን ከፈተች። እትዬ ሸምሲያ መዳፋቸውን አፏ ላይ ከደኑት። በኃይል አይደለም፤ አፈር ሊቅም ያለ ሕፃን አፍ እንደሚከደነው ነው የከደኑት።

ሰይድ እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«አፍ እየያዝኩ።»

«ስለምን?»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው አፉ የራሱ አይደለም። አሁን የምትናገረው ሐዘኗን ነው። አርባው ይውጣ፣ ልቧ ወደ ቦታው ይመለስ። ያኔ በፈቃዷ ብትተውልህ እኔ ራሴ እመሰክርልሃለሁ።»

«ሸምሲያ» አሉ ሼህ ይማም፣ «ይሄ የአባቶቻችን ልማድ ነው።»

«ነው ሼሃችን። የአላህ ነው ግን አላሉም። በሐፍረት የተወሰደ ገንዘብ ሐራም ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሼህ ይማም ሙስባሃቸውን መቁጠር ያዙ። ሰይድ ግን ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ጠጋ ብሎም እንዲህ አላቸው፦ «የእርስዎም ድንኳን አንድ ቀን ይተከላል። ያን ቀን የልጅዎን አፍ ማን እንደሚይዝ እናያለን።» ሲናገር አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አርባው እንደወጣ እትዬ ሸምሲያ ፈጡማን ይዘው በሚኒባስ ወደ ቃዲው ወረዱ። እኔም ክር መግዛት አለብኝ ብዬ ተከተልኩ፤ ክር አልቸገረኝም፣ ጉጉት ነው። መንገድ ላይ ሲያስጠኗት ሰምቻለሁ። «የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁለታችሁም ተስማምታችሁ ካልመጣችሁ አይዳኛችሁም። ትስማሚያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። መልሱን አንቺ ትመልሻለሽ። ወንድምሽ አይመልስልሽም፣ እኔም አልመልስልሽም። እዚያ አፍሽን አልይዝም።»

ቃዲው ፊት ሰይድ «እህቴ ልትተውልኝ ብላ ነበር፣ እኚህ ሴትዮ አፏን ያዙት» ብሎ ተናገረ። ቃዲው ብዙ ነገር ሰምተዋል፣ ይህን ግን ሰምተው አያውቁም መሰለኝ።

«በምን ሥልጣን ነው የሰው አፍ የያዝሽው?» አሏቸው።

«በጎረቤት ሥልጣን።»

ቃዲው ሳቃቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸሸጉ። ከዚያ ወደ ፈጡማ ዞረው «አንቺ ምን ትያለሽ?» አሏት። ፈጡማ «ሐቄን ነው የምፈልገው» አለች። ነገሩ ጥቂት ቀጠሮ ወሰደ፣ በመጨረሻ በሸሪዓው የሚደርሳት መሬትና በግ ተለይቶ ተሰጣት። ልጆቿን ይዛ ዛሬም ድረስ እዚያው ትኖራለች።

ስንመለስ ከነከነኝና ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ መደበኛው ፍርድ ቤት ብትሄድ እኮ ከወንድሞቿ እኩል ታገኝ ነበር።»

«ታገኝ ነበር። የሄዱም አሉ፣ አልነቅፋቸውም። ፈጡማ ግን ከሃይማኖቷ ወጣች እንዳይሏት ፈራች። ስለዚህ በሃይማኖቷ በር አስገባኋት። ሰጪው አላህ ነው፤ ሰይድ መሐል ላይ ቆሞ የከለከለ ሰው ነው።»

«ለወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ሲሆንስ እርስዎን አይከነክንዎትም?»

እንዝርቱ ቆመ። በመስኮት ወደ ገብሱ ማሳ ዞሩ። «አስካል፣ መጀመሪያ የተሰጠችን ትግባልን። እሷን ሳንይዝ ስለሌላው ብንጨቃጨቅ ደስ የሚላቸው እነሰይድ ናቸው» አሉኝ። ከነከናቸው አልከነከናቸው ግን አልነገሩኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልኩን እየለወጠ ሄደ። ጠጉር የሚያመጡት ሴቶች በዋናው በር መግባት ትተው በጓሮ መምጣት ጀመሩ። ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ያርፋል፤ ቆርቆሮው አንድ ስለሆነ እኔም አብሬ እደነግጣለሁ። «አፍ ያዧ» የሚል ስም ወጣላቸው። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲታመም መጠየቅ የሚወዱ ሴት ነበሩ፣ አጥሚት ይዘው ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ። ሰዉ ግን መፍራት ጀመረ። እሳቸው በር ላይ ከቆሙ በሽተኛው አይከርምም ተባለ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሽማግሌው ገና ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያን ቀን አጥሚቱን እንደያዙ ተመልሰው መጡና «ጠጪው አስካል፣ እንዳይበላሽ» ብለው ሰጡኝ። ተቀበልኩና ጠጣሁት።

አንድ ማለዳ ደግሞ በራቸውን ሲከፍቱ ደጃፋቸው ላይ ካስማ ተቀምጦ አገኙ። የድንኳን ካስማ። ከጽድ እንጨት አዲስ የተጠረበ፣ በጓሳ ሣር ገመድ የታሰረ አንድ እቅፍ። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው። ያስቀመጠው ሰው ስም ባይጽፍም ሁላችንም ገባን፤ ድንኳንሽ ቀርቧል ነው የሚለው። እሳቸው አንዱን መዘዝ አድርገው አሸተቱት፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ጥሩ ጽድ ነው። ሲጠርበውም ተጠንቅቋል» አሉ።

«እትዬ፣ ለፖሊስ እንናገር።»

«ምን ብለን? እንጨት ሰጡን ብለን?»

ከዚያ መጥረቢያ አስመጡና በመጥረቢያው ጀርባ ግቢያቸው ውስጥ ተከሉት፤ በጎቻቸውን አሰሩበት። የሰፈሩ ሴቶች ይህን አይተው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወጣ ሲሉ በሩን ቆልፈው፣ ጥቂት ሄደው፣ ተመልሰው ቁልፉን ሲነቀንቁት እሰማለሁ። በፊት እንዲህ አያደርጉም ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆኑ የነገሩኝ ክረምት ላይ ነው፤ ዝናቡ ገበያውን በትኖት ሁለታችን ብቻ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን። አባታቸው ቁርኣን የሚያስተምሩ ሼህ ነበሩ። የውርሱን ስሌት ለልጃቸው በጠጠር እየደረደሩ ነው ያስተማሯት፤ ይሄ ለሚስት፣ ይሄ ለወንድ ልጅ፣ ይሄ ለሴት ልጅ። «አባቴ ሲሞት እንደ ዘምዘም ያለሁ ልጅ ነበርኩ» አሉኝ። «ሦስተኛው ቀን ወንድሜ ፊቴ ተንበረከከ። ታላቄ ነው፣ አዝሎ ያሳደገኝ ነው። ተንበርክኮ አይቼው አላውቅም። አንጀቴን በላው። ጠጠሮቹ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፉ። ትቻለሁ አልኩ።»

«ከዚያስ ወንድምዎ እንዴት ሆኑ?»

«ደግ ሰው ነበር። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ለአረፋ አንድ በግ ያመጣልኝ ነበር።» እንዝርቱን አሽከረከሩት። «ከገዛ በጎቼ።»

ዝናቡ እግሬ ሥር ደረሰ፤ በርጩማዬን ወደ ግድግዳው ሳብኩ።

«ክፉ ወንድም አያስፈራኝም አስካል። ክፉ ወንድም ሲመጣ ሴቲቱ ራሷ ትጠነቀቃለች። የሚያስፈራኝ ደግ ወንድም ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ግቢው ውስጥ ነበር። ኑሩ ለእህቱ ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀላት ነበር። ያን ጊዜ ነገሩን አላገናኘሁትም።

ኑሩ ደግ ነው። ይህን ማንም አይክደውም። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ዘምዘምን እንደ አባት ያሳደጋት እሱ ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ዘምዘም ከእናቷ ይልቅ እሱን ትወዳለች ብል አልዋሸሁም። ሲያድግ ወደ ዓለም ከተማ እየተመላለሰ መነገድ ጀመረ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ከሰረ፣ ሱቅ ከፈተ፣ እንደገና ከሰረ። በመጨረሻ በእናቱ ቤት ቦታ ላይ ፎቅ መሥራት የሚፈልግ ሰው አገኘ። ሰውየው የሚገዛው ግን ሙሉውን ነው። ዘምዘም ጠጉር የምትፈትልበትን የጓሮ ክፍል ጭምር።

እናቱ ያን ጊዜ አልጋ ይዘው ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሳልፈልግም እሰማለሁ።

«እማዬ፣ ዘምዘምን እኔ ዘንድ እወስዳታለሁ። ከእኔ ጋር ሆና ምን ይጎድልባታል?»

«ሐቋ።»

ከዚያ ሳሉ ያዛቸው። ኑሩ ግን ማስታመሙን አልተወም። ውሃ ያሞቃል፣ እግራቸውን ያጥባል፣ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እያየሁት ይበልጥ ፈራሁ።

አንድ ቀን ሾርባ ይዤላቸው ገብቼ ደፈር አልኩ። «እትዬ፣ ለምን ለዘምዘም ኑዛዜ አይጽፉላትም? ቤቱን ለእሷ ይበሉና ይገላገሉ።»

«ለወራሽ ኑዛዜ የለንም አስካል። አላህ ለኑሩ ሁለት እጅ፣ ለእሷ አንድ እጅ ብሏል። ሰይድ ከእህቱ ቀነሰ፤ እኔ ለልጄ ብጨምር ከሰይድ በምን ተሻልኩ?»

«ታዲያ ሲንበረከክባት ምን ትሁን?»

«አንቺ አጠገቧ ትቀመጫለሽ።»

«እኔ ክርስቲያኗ? ሼህ ይማም ፊት? ምን ቆርጦኝ።»

«አፍ ለመያዝ ሃይማኖት አይጠየቅም» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። እስኪበርድላቸው ጠበቅኩ። ከዚያ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ሁልጊዜ የበግ ጠጉር ቅባት አለው፣ ለስላሳ ነው። «ግን ለሁልጊዜ እንዳትይዣት። ልቧ እስኪመለስ ብቻ ነው። አፏን ይዘሽ ካስቀረሻት አንቺም የራሷን ቃል አስተውሻታል።»

ያልኳቸውን አላስታውስም። እሺ ያልኩ ይመስለኛል።

እንግዲህ ያሰብኩት ቀን መጣ። ጀናዛው በወጣበት ዕለት ኑሩ ራሱ ድንኳኑን ሲተክል በበረንዳዬ ሆኜ አየሁት። እያለቀሰ ነበር የሚተክለው፣ የእውነት ልቅሶ። ካስማ አነሰው መሰለኝ ወደ ጓሮ ሄደና በጎቹ ይታሰሩበት የነበረውን ነቅሎ አመጣ። ያንን ጽድ። ለመናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እሱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሰይድ ግን አወቀው። ከሰፈሩ ወጥቶ ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል፤ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ካስማውን ሲያይ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ሲያይ አየሁት። ሦስቱንም ቀን መጣ። ንፍሮውን ይበላል፣ ዱዓ ሲደረግ አሚን ይላል፣ ለማንም ምንም አይልም። በሦስተኛው ቀን ሳልፍ ብቻ «እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ሥራ አለብዎት?» አለኝ፣ በትሕትና።

ገብቼ ዘምዘም አጠገብ ተቀመጥኩ። ውጭው ጉም ነው፣ ከድንኳኑ የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እኔን ግን ያልበኛል። ዘምዘም ከቀብሩ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። የእናቷን እንዝርት ጭኗ ላይ አድርጋ ትክ ብላ ታየዋለች። አልፈተለችም፣ አላስቀመጠችውም። ስለዚያ ነገር ላናግራት ሦስቱንም ቀን ፈልጌ አልቻልኩም፤ ለቅሶ ቤት ሞልቶ ምን ብዬ ላውራ?

ኑሩ ገባ። ከኋላው ሼህ ይማም፣ ከእሳቸው ኋላ ወንዶቹ፤ ሰይድ በሩ ደፍ ላይ ቆመ። ኑሩ ተንበረከከ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ካባው ላይ የመቃብር አፈር አለ። እኔን እንኳ አንጀቴን በላው፤ እሷን እንዴት አድርጎ እንደሚበላት አስቡት።

«እህቴ» አለ፣ ድምፁ ተቆራረጠ። «የእናታችንን ነገር ተይልኝ። እኔ አለሁልሽ።»

ዘምዘም ቀና ብላ አየችው። አፏ ተከፈተ። እኔም ሳላስበው መዳፌ ሄዶ አፏ ላይ አረፈ።

«እትዬ አስካለ» አለ ኑሩ፣ «በእግዜር፣ እጅዎን ያንሱ።»

አላነሳሁም። ማንሳትም አቃተኝ። ከመዳፌ ሥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሿ ይሞቃል፤ አንድ ቃል እያለች ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ትቻለሁ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ያላትን ፍቅር ስለማውቅ ትቻለሁ ነው ብዬ ነው የፈራሁት። እንባዋ ጣቶቼ መሐል ገባ።

«ልጅቷ ትናገር» አሉ ሼህ ይማም ዝግ ባለ ድምፅ።

ሰይድ ደፉ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። አርባው ገና ነው፣ ልቧ አልተመለሰም ልላቸው ነበር። ግን እጄ ላይ የእሷ እጅ አረፈ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላቀቀች፣ ሳትቸኩል፣ መዳፌን ከአፏ ላይ አንስታ ጭኔ ላይ መለሰችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከዚህ በኋላ የምትለውን ማንም አይመልሰውም። ለሁልጊዜ እንዳትይዣት ያሉኝ ትዝ አለኝና እጄን እንደገና አላነሳሁም።

«ኑሩ» አለች። ድምፅዋ ለሦስት ቀን ስላልሠራ ሻክሯል። «ተነስ። ብርድ ነው፣ ጉልበትህን ያምሃል።»

«ዘምዘምዬ፣ መጀመሪያ በይኝ።»

«አዝለህ ያሳደግከኝን አልረሳሁም። ካሻህ እኔም አዝልሃለሁ። ግን በየዓመቱ ለአረፋ በግ እንድታመጣልኝ አልፈልግም።»

ከሰዉ ብዙው አልገባውም። ኑሩ ራሱ ግራ ገብቶት ዞሮ ሼሁን አየ። ሼህ ይማም ግን ሙስባሃቸው ከእጃቸው ወደቀ። ለካ ያኔ፣ ያ ወንድም እትዬ ሸምሲያ ፊት ሲንበረከክ፣ ከኋላው ቆመው የነበሩት እሳቸው ኖረዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ፊታቸውን አይቼ ነው።

ዘምዘም ቀጠለች። «አርባው ሲወጣ አብረን ቃዲው ዘንድ እንሄዳለን። ሁለት እጅ ያንተ፣ አንድ እጅ የኔ። የኔን አልተውም።»

አሚን የሚል ጠፋ። ከዚያ ሼህ ይማም ጎንበስ ብለው ሙስባሃቸውን አነሱና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓ አደረጉ፤ ለሟቿ ብቻ፣ ስለ ውርስ አንድም ቃል ሳያነሱ። ሴቶቹ አሚን አሉ። ኑሩ አንገቱን እንደደፋ ተነስቶ ወጣ። ሰይድ ቀድሞ ሄዷል።

ድንኳኑ ሲነሳ ቤቴ ገባሁና በሬን ዘጋሁ። ካስማው ሲነቀል፣ መሬቱ ሲለቀው የሚያሰማው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል። ዘምዘም ከሐዘንተኞቹ ጋር ናት፣ ብቻዋን አይደለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ልከፍት በሩን ስስበው አንድ ነገር እግሬን መታኝ። ካስማው ነው። በገመድ የታሰረ፣ ጫፉ ላይ የግቢያቸው ጭቃ እንደተጣበቀ፣ ደጃፌ ላይ ተቆልሏል። ኑሩ ይሁን ሰይድ፣ ወይ ሌላ ሰው፣ አላውቅም። ቆሜ አየሁት። እኔ እንደ እሳቸው የማስርበት በግ የለኝም፣ ድፍረታቸውም የለኝም፤ ገመዱን ግን ፈታሁት።

አርባው ገና አልወጣም። በሬን ቆልፌ ጥቂት ሄጄ ተመልሼ ቁልፉን መነቅነቅ ጀምሬያለሁ። ትናንት ደግሞ ዘምዘም መጣች፤ ሻርፗን ጠቅልላለች፣ እንዝርቱ በእጇ ነው። ከጓሳው ሜዳ በኩል ካለ ሰፈር አንድ ሰውዬ ሞቷል አለች፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፣ ነገ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሩቅ ነው፣ ዛሬውኑ ካልወጣን አንደርስም።

«ሁለት ናቸው እትዬ አስካለ። እኔ አንድ ሰው ነኝ» አለችኝ።

ማሽኔን ከደንኩ። ነጠላዬን ከመስቀያው አወረድኩት።